መሮውን ያበላሸው ቢላዋው ነው

ጥያቄው የመጣው ከሐዋሳ፣ ከአንድ የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ “ጋሼ፣ እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሚኒሶታ ስትመጣ ድንጋዩ ውሃ ውስጥ እየዞረ የሚስል ቶርሜክ የተባለ ማሽን ይዛልኝ መጣች። አሮጌ ነው፤ ድንጋዩ 250 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው። በትራንስፎርመር ነው የማሠራው። መጀመሪያ ላይ መሮዬን የክንድ ፀጉር እስኪላጭ ድረስ ይስልልኝ ነበር። ቆይቶ የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ወሬውን ሰምተው ቢላዋ ያመጡልኝ ጀመር፤ ጾም ሊፈታ ሲልማ ፋታ አይሰጡኝም። አሁን መሮው ጫፉ ተንጋዶ ይወጣል። ቢላዋው ከእጄ ሲወጣ ወረቀት ይቆርጣል፣ በማግስቱ ‘ዶለዶመ’ ተብሎ ይመለሳል። ድንጋዩም እንደ ድሮው ብረት አይበላም። እህቴ አዲስ ድንጋይ ልላክልህ ትላለች። ድንጋዩ አልቆ ይሆን?”

አላለቀም፤ እህትህም ድንጋይ አትላክ። የዚህ መጠን ድንጋይ አዲሱ ወደ 5 ኪሎ ይጠጋል፣ ለሻንጣዋ የሚበጅ ሌላ ነገር አይጠፋም። አምራቹ ይህን ድንጋይ ያዘጋጀው ከ250 ሚሊ ሜትር ተነሥቶ 180 ሚሊ ሜትር እስኪደርስ ድረስ እንዲሠራ ነው። ሜትርህን አውጣና ከዳር እስከ ዳር ለካው። 220 ላይ ካለ ገና ግማሽ ዕድሜውን እንኳ አልጨረሰም ማለት ይቻላል።

የጻፍከውን ሳነብ ዓይኔን የያዘው ሦስቱም ችግሮች በአንድ ሰሞን መጀመራቸው ነው፤ ሥጋ ቤቶቹ ከመጡ ወዲህ። መሮህን ያበላሸው ቢላዋው ነው። ቢላዋው የድንጋዩን ፊት አጎድጉዶታል፣ በቢላዋው ላይ የመጣው ጮማ ደግሞ ደፍኖታል። ቢላዋው ቶሎ መደንዘዙ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ እርሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

ድንጋዩ እንዴት እንደሚጎደጉድ ላስረዳህ። መሮ ሰፊ ፊቱን ይዞ ድንጋዩ ላይ ያርፋል። ቢላዋ ግን የሚነካው ጠባብ ቦታ ነው፤ የሚስለው ሰው እጅ ደግሞ ሳይታወቀው አንድ ቦታ ይለምዳል፣ አብዛኛውን ጊዜም የድንጋዩን መሐል። ድንጋዩ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ ብዙ ቢላዋ ካለፈበት በኋላ መሐሉ ይሰረጉድና ሁለቱ ዳሮች ከፍ ብለው ይቀራሉ። እንዲሁ በዓይን ሲያዩት ቀጥ ያለ ይመስላል። የስኳድራህን የብረት ጠርዝ በድንጋዩ ስፋት አጋድመህ ከበስተኋላው የእጅ ባትሪ አብራበት። በመሐሉ ብርሃን ከሾለከ ጉድጓዱ እዚያ ነው። 24 ሚሊ ሜትር መሮ እዚህ ላይ ስታስቀምጥ አንዱ ጎኑ ስርጉዱ ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ከፍ ያለው ዳር ላይ ይወጣል፤ ዳሩ ላይ ያለው ጎን አብዝቶ ይበላና ጫፉ ይንጋደዳል። በትክክል መሐሉ ላይ ብታስቀምጠው እንኳ ሁለቱ ጥጎች ይበሉና ጫፉ ቀጥ ያለ መሆኑ ይቀራል። በዚህ ድንጋይ ላይ የፈለግከውን ያህል ብትጠነቀቅ መሮ አይቀናም።

መድኃኒቱ ድንጋዩን ማቅናት ነው። ለዚህ የተሠራው መሣሪያ በማሽኑ የድጋፍ ዘንግ ላይ የሚቀመጥ፣ ጫፉ ላይ አልማዝ የተሰካበት፣ እጀታውን ስታዞረው ከዳር እስከ ዳር እየተሳበ የሚሄድ ነው። የቶርሜኩ ስሙ ቲቲ-50 ነው። ከማሽኑ ጋር ካልመጣልህ እህትህ የምትልከው ይህንን ይሁን፤ ከድንጋዩ አንጻር ክብደቱ ምንም ነው። በብሎኬት ቁራጭ ወይም በአሮጌ ጡብ እየፈተጉ “አቀናሁት” የሚሉ ሰዎች አይቻለሁ። ፊቱን ይሞርዱታል እንጂ አያቀኑትም፤ ምክንያቱም መሮህ የሚደገፈው በዘንጉ ላይ ነው፣ የድንጋዩ ፊትም ከዘንጉ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። እጅ ይህንን ሊያደርግ አይችልም። አልማዙ ግን የሚሄደው ዘንጉን ይዞ ስለሆነ በራሱ ትይዩ ያደርገዋል።

አሠራሩ ትዕግሥት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ገንዳው ውሃ ይኑረው፤ በደረቁ የተላጨ ድንጋይ አቧራው ለሳንባህ ነው። ድንጋዩን በውሃ ካጠገብከው በኋላ ማሽኑን አጥፋና ፊቱ ላይ በእርሳስ ከዳር እስከ ዳር አራት አምስት መስመር አሥምርበት። አልማዙን ወደ ከፍተኛው ቦታ ውሰድ፤ አንተ ዘንድ ከሁለቱ ዳሮች አንዱ መሆኑ አይቀርም። ድንጋዩን በእጅህ እያዞርክ አልማዙ ጭር ብሎ እስኪነካ ድረስ አቅርበው። ከዚያ ከድንጋዩ ውጭ አውጣውና ጥቂት ጥልቀት ስጠው፣ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በፍጹም እንዳይበልጥ። ሞተሩን አስነሣና እጀታውን በዝግታ፣ መሐል ላይ ሳትቆም አዙር፤ ከዳር እስከ ዳር ለመድረስ አንድ ደቂቃ ከፈጀብህ አልዘገየህም። በመጀመሪያው ጉዞ ድምፁ ዳርና ዳሩ ላይ ይጮኻል፣ መሐሉ ላይ ሲደርስ ይጠፋል፤ አልማዙ ስርጉዱ ላይ አየር እየቆረጠ ነው። ማሽኑን አቁመህ እርሳሱን ተመልከት። መሐሉ ላይ ያለው ጥቁር መስመር ገና አልተነካም። ድገመው። የእርሳሱ መስመር ሙሉ በሙሉ የጠፋና ድምፁም ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት የሆነ ዕለት ድንጋዩ ቀንቷል። ጥልቀቱን አብዝተህ በአንድ ጊዜ ለመገላገል ከፈለግክ አልማዙ ድንጋዩን ይቦጭቃል፣ ፊቱ ላይም ጠመዝማዛ ጎዳና ይተዋል፤ ያ ጎዳና በመሮህ ላይ ይታተማል።

ወደ ፊት ይህ እንዳይደገም ሥራህን ቅደም ተከተል አስይዘው። ድንጋዩን ባቀናህ ማግስት መጀመሪያ መሮዎችህንና የመላጊያ ስለቶችህን ሳላቸው፤ ቢላዋ ይቆይ። ቢላዋዎቹ ሲመጡ አንዱን በግራው ዳር፣ ሌላውን በመሐሉ፣ ሌላውን በቀኙ ዳር አድርግ፤ ድንጋዩ እኩል ያልቃል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ጠባብ መሮም እንደ ቢላዋ ጎዳና ስለሚያበጅ ከቀኝ ወደ ግራ እያመላለስከው ሳል። ከመሮ በፊት ቀጭን አንድ ጉዞ ማቅናትን ልማድ ብታደርገው የሚያልቀው ድንጋይ ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው። ትልቁ ብክነት ጉድጓዱ እስኪጠልቅ መጠበቅ ነው፤ ያን ጊዜ ዳርና ዳሩን ሁሉ ለመሐሉ ስትል ትላጫለህ።

“አይበላም” ያልከው ወደ ጮማው ይወስደኛል። የሥጋ ቤት ቢላዋ እጀታው ሥር፣ በስለቱም ላይ ስብ ይዞ ይመጣል። ድንጋዩ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ውሃ የሚጠጣውም፣ ብረት የሚበላውም ለዚሁ ነው። ስብና የብረት ደቃቅ ሲቀላቀሉ ቀዳዳዎቹን ይደፍኑና ፊቱን ያንጸባርቁታል፤ በጣትህ ስታሸው ሙልጭ ይልሃል። ስለዚህ ቢላዋ በሙቅ ውሃና በሳሙና ሳይታጠብና ሳይደርቅ ማሽኑ አጠገብ አይድረስ። ለደንበኞችህ ንገራቸው፤ እምቢ ካሉ ራስህ እጠብና ዋጋ ጨምርበት። የተደፈነውን ድንጋይ አልማዙ ሲያቀናው አብሮ ይከፍተዋል። ከዚያ በኋላ ለዕለት ተዕለቱ፣ ከማሽኑ ጋር የሚመጣ ሁለት ፊት ያለው የድንጋይ ማስተካከያ አለ። ሻካራ ፊቱን በሚዞረው ድንጋይ ላይ ወደ ግማሽ ደቂቃ ስትጫነው ድንጋዩ ተከፍቶ በፍጥነት የሚበላ ይሆናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 220 ገደማ መሆኑ ነው። ለስላሳ ፊቱን አንድ ደቂቃ ያህል ስትጫነው ደግሞ ያው ድንጋይ ወደ 1000 ይጠጋል። ብዙ ሰው ይህችን ነገር ሳጥን ውስጥ ትቶ ሁለት ድንጋይ ለመግዛት ያስባል።

ድንጋዩ ቀንቶም መሮ ሊንጋደድ የሚችልበት መንገድ አለ። ርካሽ መሮ ሁለት ጎኑ ትይዩ አይደለም፤ መያዣው ውስጥ ጎኑን አስጠግተህ ስታስረው አጋድሎ ይታሰራል። የመያዣው ሁለት ብሎኖችም እኩል ካልጠበቁ ያው ነው። የማሳያው ዘዴ ቀላል ነው። የመሮውን የተሳለ ፊት በማርከር ቀባው፣ ድንጋዩን በእጅህ ጥቂት አዙርና ቀለሙ የት እንደለቀቀ እይ። ቀለሙ በፊቱ ወርድ ሁሉ እኩል ከለቀቀ አቀማመጡ ትክክል ነው። በአንዱ ጎን ብቻ ከለቀቀ ፈትተህ እሰረው። ጫፉ ላይ ብቻ ከለቀቀ ማዕዘኑ በዝቷል፤ ተረከዙ፣ ማለትም የተሳለው ፊት የኋላ ጠርዝ ላይ ብቻ ከለቀቀ አንሷል። ከዚያ ሞተሩን አስነሥተህ ጥቂት ሳልና ስኳድራ አስጠጋበት። ትንሽ ልዩነት ካየህ ሌላ ነገር አትንካ፤ ገና ያልተበላውን ጎን በአውራ ጣትህ ጫን በል፣ ይስተካከላል።

ለዋንዛና ለዝግባ 25 ዲግሪ ይበቃል። በመዶሻ እየመታህ ጉድጓድ የምትቆፍርበት መሮ፣ እንዲሁም ወይራ የመሰለ ደረቅ እንጨት የሚገጥመው 30 ይሁን። ድንጋዩ ክብ ስለሆነ የሚስለው ፊት በመጠኑ ይሰረጉዳል፤ አንዳንዱ ባለሙያ ይህ ስለቱን ያሳሳዋል ብሎ ይፈራል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መሮ በ25 ዲግሪ ሲሳል ፊቱ 9 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ይረዝማል፣ በ250 ድንጋይ ላይ የሚሰረጉደውም ከአንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ለእንጨት ይህ ምንም ማለት አይደለም። እንዲያውም በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በእጅህ ስታለሰልስ ጫፉና ተረከዙ ብቻ ስለሚነኩ መሮው ሳይንቀጠቀጥ ይቀመጣል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ድንጋዩ እያነሰ ሲሄድ በድሮው አቀማመጥ የሚገኘው ማዕዘን ይለወጣል። ባቀናኸው ቁጥር ማዕዘኑን እንደ አዲስ ለካ።

የመሮውን ጀርባ የሚረሱ ብዙ ናቸው። ስለት ማለት ሁለት ፊት የሚገናኙበት መስመር ነው፤ አንደኛው ፊት ጎርባጣ ከሆነ ሌላውን የቱንም ያህል ብታሳምረው መስመሩ ጎርባጣ ነው። የድንጋዩን ጎን ለዚህ የሚጠቀሙ አሉ፣ እኔ አልወደውም፤ እጅ ትንሽ ካዘነበለ ጥጉ ይበላል። ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፍና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳንቲ ሜትር ቀጥ እስኪል ፈትገው። በአንድ መሮ ላይ ይህ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቢላዋው። ከእጅህ ሲወጣ ወረቀት የሚቆርጥ፣ በማግስቱ የሚደነዝዝ ቢላዋ መጀመሪያውኑ አልተሳለም። ብረቱን ከአንድ በኩል ስትስለው ጫፉ እየሳሳ ይሄድና ወደ ማዶ የሚታጠፍ ትርፍ ጠርዝ ይወጣል። በአውራ ጣትህ ከቢላዋው ጀርባ ተነሥተህ ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ተሻግረህ እንጂ በስለቱ ርዝመት ሳይሆን፣ ቀስ ብለህ ብትዳስሰው ጣትህን ያዝ ያደርግሃል። ይህ ጠርዝ ቀጭን ስለሆነ ወረቀት ይቆርጣል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። ግን ድጋፍ የሌለው ብረት ነው፤ መክተፊያውን ወይም አጥንት ሲነካ ይታጠፋል፣ ወይም ተቀንጥሶ ከሥሩ ዱልዱም ጫፍ ይተዋል። በሥጋ ቤት የሚበዙት ለስላሳ የማይዝግ ብረት ቢላዋዎች ደግሞ ይህንን ጠርዝ በቀላሉ አይለቁም፤ ከወዲህ ስትጫነው ወደዚያ፣ ከወዲያ ስትጫነው ወደዚህ ይተኛል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። መጀመሪያ፣ ትርፉ ጠርዝ በስለቱ ርዝመት ሁሉ፣ ከእጀታው ሥር እስከ ሹሉ ድረስ መውጣቱን ሳታረጋግጥ ወደ ሌላው ፊት አትዙር። አንድ ሳንቲ ሜትር ላይ እንኳ ካልወጣ እዚያ ቦታ ላይ ገና ወደ ጫፉ አልደረስክም ማለት ነው። ከወጣ በኋላ በመጨረሻዎቹ ጉዞዎች ግፊትህን ቀንስ፣ የቢላዋው ክብደት ብቻ ይቅር፤ ትርፉ ጠርዝ እየቀጠነ ይሄዳል።

ሁለተኛው ቆዳው ነው፤ እርግጠኛ ባልሆንም እየዘለልከው ወይም በግብር ይውጣ እየነካካኸው ይመስለኛል። በዚህ ማሽን ላይ ስለት የሚያልቀው ድንጋዩ ላይ አይደለም። በሌላኛው ጎን ያለው የቆዳ ጎማ ትርፉን ጠርዝ አንሥቶ የሁለቱን ፊት ጭረት ያለሰልሳል። አዲስ ወይም የደረቀ ቆዳ መጀመሪያ ጥቂት ጠብታ የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ይጠጣ፤ የምግብ ዘይት እንዳትሞክር፣ ውሎ ሲያድር ሙጫ ይሆናል። ከዚያ የማለስለሻውን ቅባት ስስ አድርገህ እየዞረ ቀባው። ቆዳው ጥቁር ሆኖ ማንጸባረቁ ጉድለት አይደለም፤ ብረት እያነሣ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ሲደርቅ ጥቂት ቅባት ወይም ዘይት ጨምር።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ቆዳው ሁልጊዜ ከስለቱ እየሸሸ መዞር አለበት። ስለቱን በመጪው ቆዳ ፊት ከደቀንከው ይሰነጥቀዋል፣ ቢላዋውንም ከእጅህ ሊነጥቅ ይችላል። ድንጋዩ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ መሳል ይቻላል፤ ድንጋዩ ወደ ስለቱ ሲመጣ ይፈጥናል፣ ሲሸሽ ደግሞ ለእጅ ይመቻል። ቆዳው ላይ ምርጫ የለም። ማዕዘኑም እንደ ድንጋዩ ይሁን። ብዙ ሰው ቆዳው ላይ ሲደርስ መያዣውን አውልቆ በግምት ከፍ አድርጎ ይጫናል፤ ስለቱን ያዶለዱመዋል። የቆዳው ጎማ ከድንጋዩ በዲያሜትር ስለሚለይ የድጋፍ ዘንጉን እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል፤ እዚህም ማርከሩ ይረዳሃል።

ጨርሰህ እንደሆነ የሚነግርህ ብርሃን ነው። ቢላዋውን ስለቱን ወደ ላይ አድርገህ አምፖል ሥር ያዘውና አዘንብለው። የተሳለ ጫፍ ብርሃን አይመልስም፣ ጥቁር ሆኖ ይጠፋል። የሚያብለጨልጭ ነጥብ ወይም ክር ካየህ እዚያ ወይ ትርፍ ጠርዝ አለ፣ ወይ ያልደረስክበት ዱልዱም ቦታ ነው። ለሥጋ ቤት ቢላዋ በእያንዳንዱ ፊት 20 ዲግሪ ያዝ፤ ቁርጥ ብቻ ለሚቆረጥበት ረጅም ቢላዋ ወደ 16 ወይም 17 ብታወርደው ደንበኛህ ልዩነቱን ያውቀዋል። አጥንት የሚከሰክሰውን በ25 ሳል፣ ስስ ስለት አጥንት ላይ ይሸረፋል። ጥርስ ያለው የዳቦ ቢላዋ ከመጣልህ መልሰው፤ ይህ ድንጋይ ጥርሱን ያጠፋዋል።

ማሽኑ ዘገምተኛ ነው ብለህ እንዳትማረር። አዲሱ ድንጋይ በደቂቃ 90 ዙር ሲዞር የፊቱ ፍጥነት በሰከንድ 1.2 ሜትር ገደማ ነው። ባለ 150 ሚሊ ሜትር ደረቅ ግራይንደር በደቂቃ 2,900 ዙር ሲዞር በሰከንድ ወደ 23 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ፍጥነት ስስ ጫፍ በቅጽበት ይግላል፤ ብረቱ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ ሙቀቱ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ደርሷል፣ የመሮው ጥንካሬም እዚያ ቦታ ላይ ሄዷል። ሰማያዊውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ማጥፋት ጥንካሬውን አይመልሰውም። በ1973 ስዊድን ውስጥ የተመሠረተው ቶርሜክም ሆነ በእርሱ አምሳል የተሠሩት ማሽኖች የሚሸጡት ይህንን ጉዳት ማስቀረታቸውን ነው። ይሁንና ሁለት ሚሊ ሜትር የተሸረፈ መሮ ሲመጣልህ በውሃው ድንጋይ ስትታገል አትዋል። ሻካራውን ሥራ በደረቁ ግራይንደር፣ በየጥቂት ሰከንዱ ውሃ ውስጥ እየነከርክ፣ ወደ ጫፉ ሳትደርስ ጨርስና ማጠናቀቂያውን ወደዚህ አምጣው።

ያልጠየቅከኝ ግን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ትራንስፎርመሩ ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ነው፤ የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ሄርዙን አይነካውም። የዚህ ዓይነት ሞተር ፍጥነት ደግሞ ሄርዙን ነው የሚከተለው፤ በደቂቃ 90 ዙር የነበረው አንተ ዘንድ ወደ 75 ይወርዳል። ድንጋዩ የማይበላ የሚመስልህ በከፊል በዚህ ነው፤ እርሱ ግን ብዙ አይጎዳህም። የሚጎዳው ሙቀቱ ነው። ለ60 ሄርዝ የተጠመጠመ ሞተር 50 ላይ ያንኑ ቮልት ከሰጡት ከሚገባው በላይ ጅረት ይስባል፣ ይግላል፣ ጥቅሉም ቀስ በቀስ ይቃጠላል። ሄርዙ በስድስት አንድ ሲቀንስ ቮልቱም በስድስት አንድ መቀነስ አለበት፤ 120 የነበረው 100 ይሁን። ስለዚህ ከ220 ወደ 110 ወይም 120 የሚያወርደውን ተውና ወደ 100 ቮልት የሚያወርድ ፈልግ፤ ለጃፓን ዕቃዎች የሚሸጠው ዓይነት ማለት ነው። በቅድሚያ ግን በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ፤ 50/60 የሚል ካለ ይህ ሁሉ አይመለከትህም። ሞተሩ 200 ዋት ቢሆንም ሲነሣ የሚስበው ከዚያ በጣም ይበልጣል፣ ትራንስፎርመሩ ከ500 ዋት አይነስ። እጅህን በሞተሩ አካል ላይ ማቆየት የሚያቅትህ ዕለት አጥፋና እስኪቀዘቅዝ ተው።

ከዚሁ ጋር የምድር ሽቦውን መርምር። ብዙዎቹ ርካሽ ትራንስፎርመሮች ለሦስተኛው የአሜሪካ ሶኬት እግር ቀዳዳ ይኖራቸዋል፣ ከውስጥ ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ውሃ በሚረጭበት፣ እጅ በረጠበበት ቦታ ይህ ሞት ነው። ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ የማሽኑ ብረት እስከ ግድግዳው ሶኬት ምድር ድረስ መያያዙን በመለኪያ ያረጋግጥልህ።

ማሽኑ ሚኒሶታ ጋራዥ ውስጥ ከርሞ ከሆነ ድንጋዩን አንድ ጊዜ ፈትሸው። እዚያ የክረምቱ ብርድ ብርቱ ነው፤ ድንጋዩ የጠጣው ውሃ በረዶ ከሆነ ድንጋዩ ከውስጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። አውልቀህ ጥቂት ቀን በደንብ እንዲደርቅ ተወው፣ ከዚያ በቀዳዳው በኩል አንጠልጥለህ በመዶሻ እንጨት እጀታ ቀስ ብለህ ምታው። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደኅና ነው፤ የታፈነ ድምፅ ካወጣ አትጠቀምበት። ርጥብ ድንጋይ ደኅናም ሆኖ የታፈነ ድምፅ ስለሚያወጣ ሳይደርቅ አትፍረድበት። ስታወልቀው ዳዶው በግራ ዙር የሚፈታ ሊሆን ስለሚችል በኪያቤ ከማስገደድህ በፊት ጥርሱን ተመልከት። በአሮጌ ማሽን ላይ ድንጋዩ ከዘንጉ ጋር በዝገት ይጣበቃል፤ መዶሻ አታንሣ፣ ዝገት አላቃቂ ዘይት ጨምረህ ሌሊቱን አሳድረው። ከወለቀ በኋላ ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት አጽዳና ግራሶ ቀባው። ይህንን በየዓመቱ ብታደርግ ዳግም አይጣበቅም። በዚያው ዕለት ሞተሩ የሚያሽከረክረውን የጎማ ከንፈር እይ፤ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል፣ ስትጫነውም ድንጋዩ ይቆማል። በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት አሻሽተው።

የውሃው ነገር አጭር ነው። ድንጋዩ እየዞረ ሙላው፣ መጀመሪያ ብዙ ስለሚጠጣ ጨምርበት። ሥራ ስትጨርስ ገንዳውን አውርደው፤ ቆሞ ውሃ ውስጥ ያደረ ድንጋይ አንድ ጎኑ ብቻ ይረሰርሳል፣ ሚዛኑንም ይስታል። በገንዳው ሥር የሚቀረውን ጥቁር ጭቃ ወደ ማጠቢያ አትድፋ፣ ቧንቧውን ይደፍነዋል፤ ውጭ አፈር ላይ ይሂድ። የቧንቧ ውሃህ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ከሆነ የዝናብ ውሃ አጠራቅምለት። መሮዎቹን ሳይደርቁና ዘይት ሳይነካቸው አታሳድራቸው።

ለእህትህ እንግዲህ አልማዝ ማቅኛውንና አንድ ቱቦ የማለስለሻ ቅባት ላኪ በላት። የአልማዝ ድንጋይ የሚባሉትን ሻጮች እንዳያስገዟት፤ ጥሩ ናቸው፣ ማቅናትም አይፈልጉም፣ ግን ውድ ናቸው፣ ለአንተ መሮና ለሥጋ ቤት ቢላዋም አያስፈልጉም። ድንጋዩን ለክተህ፣ አቅንተህ፣ አንድ ባለ 24 መሮ ከሳልክበት በኋላ ስኳድራው አሁንም ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ፣ የመያዣውን ፎቶ ከሁለቱም ጎን አንሥተህ ላክልኝ።